ጠርሙሱ የሚሞላው የትኛውን ጉድለት ነው?

የኦቲዝም ምርመራው ውጤት ከተነገራቸው በኋላ በሚመጡበት ቀጠሮ ብዙ ወላጆች ፌስታል ሙሉ ጠርሙስ ይዘው ይገባሉ። የዓሣ ዘይት፣ ቢ 6 ከማግኒዚየም ጋር፣ ዚንክ፣ ፕሮባዮቲክ፣ ሜላቶኒን፣ አንጎልን ያነቃል የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሽሮፕ። ከፊሉ ከፋርማሲ የተገዛ ነው፤ ከፊሉ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣው ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ይሄን ልስጠው?» ለዚህ ጥያቄ በደፈናው አዎ ወይም አይ ማለት አይቻልም። ማሟያ የሚጠቅመው የጎደለ ነገር ሲኖር ነውና እያንዳንዱን ጠርሙስ አንሥተን መጠየቅ ያለብን ከዚህ ልጅ ሰውነት ምን ጎድሎ ተገኘ ብለን ነው። ጉድለቱ በምርመራ ከታወቀ ማሟያው ሕክምና ነው፤ ሳይዘገይ ይሰጥ። ምንም ጉድለት ሳይታይ ኦቲዝሙን ያስለቅቃል ተብሎ የሚሰጠውን ግን እስካሁን የተደረገው ምርምር አይደግፈውም። ይህን የምለው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ የሚያድር ልጅ ያላቸው እናትና አባት የተባለውን ሁሉ ቢሞክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ያ ፍቅር ያለ ፍሬ እንዳይደክም ነው የምጽፈው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን የሴክሬቲን ታሪክ ነው። ሴክሬቲን ቆሽት ፈሳሹን እንዲያመነጭ የሚያዝዝ የአንጀት ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለሆድ ዕቃ ምርመራ ይህ ሆርሞን የተወጉ ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከዚያ በኋላ በተሻለ ዓይን ለዓይን ማየትና መናገር ጀመሩ የሚል ጽሑፍ ታተመ። ወሬው በቴሌቪዥን ተሰማ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተወጉ፤ መድኃኒቱ ከገበያ እስኪጠፋ ተፈለገ። በ1999 ተመራማሪዎች 60 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ሴክሬቲን፣ ለግማሾቹ ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ወጉ። የትኛው ልጅ የቱን እንደተወጋ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት በሁለቱም ወገን ያሉ ልጆች መሻሻል ታየባቸው፤ ሴክሬቲን የተወጉት ግን ከሌሎቹ በምንም አልበለጡም። በ2012 ደግሞ ከ900 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸው 16 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ፍርዱ ያው ሆነ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። የ1999ኙ ጥናት ውጤት ከተነገራቸው ወላጆች 69 በመቶው አሁንም ሴክሬቲኑን እንፈልገዋለን አሉ። ማስረጃው ፊታቸው ተቀምጦ ተስፋቸውን መልቀቅ አልቻሉም፤ ይህን የሰው ባሕርይ ያልተረዳ ሐኪም ስለ ማሟያ ቢናገር የሚሰማው አያገኝም።

«በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከጀመረ ወዲህ ተለውጧል» የሚል ወላጅ አይዋሽም። ለውጡ እውነት ነው። ጥያቄው ለውጡ ከምን መጣ የሚለው ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅም እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል፤ በሦስት ዓመቱ ያልነበረው ቃል በአራት ዓመቱ ሊመጣ ይችላል፣ ጠርሙስ ተከፈተም አልተከፈተም። ጸባዩም ከፍና ዝቅ ይላል፤ ወላጅ አዲስ ነገር የሚጀምረው ነገሩ በጣም በከፋበት ሰሞን ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ቀለል ያለ ሰሞን ለጠርሙሱ ይቆጠርለታል። በዚያው ሰሞን ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ወይም የንግግር ሥልጠና ጀምሮ ይሆናል። በዚህ ላይ ተስፋ ያደረበት ዓይን ትንሿን ነገር አጉልቶ ያያል፤ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈውንም ጊዜ ይጨምራል፤ ይህም ራሱ ልጁን ይጠቅማል። እነዚህን ሁሉ ለይቶ የሚያወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ማሟያውን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ማወዳደር። ኦሜጋ 3 እና ቢ 6 ከማግኒዚየም ጋር በዚህ ሚዛን ላይ ወጥተው ነበር፤ በ2011 እና በ2005 የወጡት የጥናት ግምገማዎች ለኦቲዝም ይሠራሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም።

እውነተኛው ጉድለት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ያልፋል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ምግብ አጥብቀው ይመርጣሉ። የምግቡ ቀለም፣ ሽታ፣ ልስላሴ ወይም ሙቀት ትንሽ ከተለወጠ አይነኩትም፤ ዓመት ሙሉ በነጭ ዳቦ፣ በብስኩትና በሻይ የሚኖር ልጅ አለ። በሕክምና መጽሔቶች ላይ ከተመዘገቡት ታሪኮች መካከል በእግር ሕመም ምክንያት መራመድ አቁመው፣ የአጥንትና የደም ካንሰር እስኪጠረጠር ከተመረመሩ በኋላ ሕመማቸው የቫይታሚን ሲ እጥረት ሆኖ የተገኘ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች ርካሽ የቫይታሚን ሲ እንክብል እግራቸውን መልሶላቸዋል። በእኛ አገር ደግሞ ሪኬትስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት በሳንባ ምች ከተኙ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንዳለባቸው፣ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ እንደነበረባቸው አሳይቷል፤ ፀሐይ በሞላበት አገር። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሰው ዓይንና ሐሜት ተፈርቶ ከቤት ሳይወጣ ሲያድግ ይህ አደጋ ይብስበታል። የብረት እጥረትም ልጁን ያደክመዋል፤ በእንቅልፉም ያወራጨዋል። አፈርና ልጣጭ ቀለም የሚበላ ልጅ ከሆነ የደም ማነሱ ብቻ ሳይሆን የእርሳስ መመረዝም መታሰብ አለበት። እነዚህን በሚዛን፣ በቁመት መለኪያ፣ በደም ምርመራና ልጁ በሳምንት የበላውን በመጻፍ ማወቅ ይቻላል። ሲታከሙ ልጁ ኦቲዝሙ አይለቀውም፤ አጥንቱ ይጠነክራል፣ እንቅልፉ ይረጋጋል፣ የሚማርበት ጉልበት ያገኛል።

ከጠርሙሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንዴና ወተት ስለ ማቋረጥ ነው። ግሉተንና ኬዚን የተባሉት ፕሮቲኖች በአንጀት ሾልከው አንጎልን ያውካሉ የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። በ2016 የታተመ አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት ጥናት 14 ልጆችን ከሁለቱም ካራቀ በኋላ ግሉተን ወይም ኬዚን የተደበቀበት መክሰስና ምንም የሌለበት መክሰስ እያፈራረቀ ሰጣቸው፤ በጸባያቸውም፣ በእንቅልፋቸውም፣ በሆዳቸውም ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ወላጅ ልጁ የቱን እንደበላ ሳያውቅ የተደረገ በመሆኑ ከብዙ ምስክርነት ይበልጣል። የእኛ ገበታ እዚህ ላይ ራሱ የሚናገረው አለው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በጾም ወራት ወተትና ቅቤ ከብዙ ቤት ይጠፋሉ። ሳያስበው ግሉተንና ኬዚን ትቶ የሚሰነብት ኦቲዝም ያለበት የኢትዮጵያ ልጅ ጥቂት አይደለም፤ ኦቲዝሙ ግን አብሮት አለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ እንጀራ ስለሆነ ብቻ ግሉተን የለውም ብለው እንዳይተማመኑ፤ እዚያ የሚጋገረው ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይገባበታል። ሴሊያክ የተባለው ሕመም በምርመራ ለተገኘበት ልጅ ይህ ዋና ጉዳይ ነው። ሕመሙ ለሌለበት፣ ዕለት ተዕለት አራት ዓይነት ምግብ ብቻ ለሚበላ ልጅ ግን ዳቦውንና ወተቱን መንጠቅ ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን መንጠቅ ነው።

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሚጎዳ አለ። ቢ 6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። ቫይታሚን ዲ ከልክ ሲያልፍ ካልሲየም በደም ውስጥ ይበዛና ኩላሊትን ያውካል፤ የብረት እንክብል ሕፃን በአንድ ጊዜ አብዝቶ ከዋጠው ይገድላል። የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ የመኝታ ሰዓትን ማስተካከል ብቻውን ካልበቃ በሐኪም ምክር ይሰጣል። ይሁንና በ2023 አሜሪካ ውስጥ 25 ዓይነት እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ሜላቶኒን ሲመረመር የ22ቱ መጠን በመለያው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም፤ አንዱ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረበትም። ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ሕግ ማሟያዎች ፈዋሽነታቸው ሳይረጋገጥ እንዲሸጡ ስለሚፈቅድ፣ ከአሜሪካ መምጣቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከማሟያ አልፎ «መርዝ ማስወጣት» ወደተባለው ሲኬድ ደግሞ ሞት አለ። በ2005 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ብረታ ብረትን ከሰውነት ያስወጣል የተባለ መድኃኒት በደም ሥሩ ሲሰጠው በደሙ ያለው ካልሲየም ወርዶ ልቡ ቆመ። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ማንጫ ኬሚካል ለልጆች የሚያጠጡም ነበሩ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እና በ2019 አስጠንቅቋል። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያም በ2013 ሴክሬቲንን፣ ብረታ ብረት ማስወጫውንና በግፊት የሚሰጥ ኦክስጅንን ለኦቲዝም በጭራሽ አትጠቀሙ ብሏል።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉ ጠንካራው ነው፤ «እናንተስ ምን ሰጣችሁን?» በአዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የእድገት እክል ያለባቸው ልጆችን የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ሲጠይቅ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከሁሉ በላይ ያጣነው ትምህርት ነው አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቷት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ከእርሷ በኋላ የተከፈቱት ጥቂት ማዕከላት ከፍላጎቱ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። ጠርሙሱ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ «ተዉት» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይደለም፤ የሚሠራውን ማሳየት ይገባል። በብሪታንያ 152 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ በቪዲዮ እያዩ ልጁ የሚልከውን ትንሽ ምልክት እንዲለዩና እንዲመልሱ አሠለጠነ። ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲታይ የሠለጠኑት ወላጆች ልጆች ምልክታቸው ቀለል ብሎ ነበር። ኦቲዝማቸው አልጠፋም፤ መግባባታቸው ግን ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ተመሳሳይ የአሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ እንክብል አይፈልግም፣ የሠለጠነ ሰውና ጊዜ ይፈልጋል። ጸበል የሚሄዱ ቤተሰቦችንም አትሂዱ አልልም፤ እምነታቸው ያጽናናቸዋል። ነገር ግን ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታ ያለባቸው ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ለጸበል ተብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሳያቋርጥ ሊንቀጠቀጥና ሊሞት ይችላል።

ማሟያ እየሰጣችሁ ያላችሁ ወላጆች ከሐኪማችሁ አትደብቁ፤ ጠርሙሶቹን በሙሉ ይዛችሁ ኑ፣ ልጁ በሳምንት የበላውንም ጻፉ። ሐኪሙ ሊያናግራችሁ ካልፈለገ ሌላ ፈልጉ። ዘመድ ከውጭ ምን ላምጣላችሁ ሲላችሁ የጠርሙሱን ዋጋ ለልጁ የንግግር ሥልጠና ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲያውለው ንገሩት።