አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፦ የጎልማሶች ንባብ አስተማሪ

ፕሮሊተረሲ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሲራክዩስ ከተማ ያደረገ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ በልጅነታቸው ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ወይም ጀምረው ሳያጸኑ ያደጉ ጎልማሶችን የሚያስተምሩ የየአካባቢውን ማኅበራት በመጻሕፍትና በሥልጠና ይደግፋል። እነዚህ ማኅበራት በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት ደመወዝ በማይከፈለው የበጎ ፈቃድ አስተማሪ ነው። አስተማሪው ብዙ ጊዜ በሙያው መምህር አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ፣ ነርስ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠበቅበትም አጭር ሥልጠና ወስዶ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲቀመጥ ነው።

የዚህ አሠራር አንደኛው መነሻ ፊሊፒንስ ነው። በ1884 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬኒያ የተወለዱት ሚስዮናዊ ፍራንክ ላውባክ፣ በሚንዳናኦ ደሴት፣ ላናኦ በሚባለው አካባቢ ከሚኖረው ሙስሊሙ የማራናው ሕዝብ ጋር ሲሠሩ ቋንቋውን በላቲን ፊደል የሚያስተምር ገበታ አዘጋጁ። በ1930ዎቹ መባቻ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋና ከአሜሪካ የሚላከው ገንዘብ ሲነጥፍ ለአስተማሪዎች የሚከፈል ደመወዝ ጠፋ፤ ሥራው የተረፈው የአካባቢው አለቃ የተማረ ሁሉ ያልተማረውን እንዲያስተምር ስላዘዙ ነበር። «አንዱ አንዱን ያስተምር» የተባለውን ይህን መርሕ ላውባክ ይዘውት ብዙ አገሮችን ዞሩ፤ በ1955ም በስማቸው የሚጠራውን ድርጅት መሠረቱ። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ወደ ንባብ የተሻገረው ልጅ ገና ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስጠናል።

ሁለተኛው መነሻ የሩት ኮልቪን ሥራ ነው። ኮልቪን በ1961 በሚኖሩባት በሲራክዩስ ከ11,000 በላይ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ እንደማይችሉ ከጋዜጣ ሲያነቡ፣ ችግሩ የሩቅ አገር እንጂ የራሳቸው ከተማ መስሎ አይታያቸውም ነበርና እጅግ ደነገጡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1962፣ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ የሚያሰማራ ማኅበር ከቤታቸው ምድር ቤት ጀመሩ። በሲራክዩስ ጎን ለጎን ሲሠሩ የኖሩት የላውባክና የኮልቪን ድርጅቶች በ2002 ተዋህደው ፕሮሊተረሲ ሆኑ።

ተማሪው ማን እንደሆነ ሳያውቁ የአስተማሪውን ሥራ መረዳት አይቻልም። የአሜሪካ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ2019 ባወጣው ጽሑፍ በአገሪቱ ዝቅተኛ የንባብ ችሎታ ያላቸው ጎልማሶች 43 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከአምስት አንድ እንደሚሆኑ ተገምቷል። «ዝቅተኛ» ማለት ፊደል ጨርሶ አለመለየት ብቻ አይደለም፤ አጭር ጽሑፍ ማንበብ ቢችሉም ከሁለት ቦታ ያነበቡትን ማነጻጸር ወይም በጽሑፉ በግልጽ ያልተጻፈውን መረዳት የሚያዳግታቸው ብዙዎች ናቸው። ከ43 ሚሊዮኑም ሲሶ ያህሉ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ማንበብ የሚያዳግተው ሰው ቅጽ ሲሰጡት መነጽሩን ረስቶ እንደመጣ ይናገራል፣ ቤት ወስዶ እንዲሞላው ይለምናል፣ ምግብ ቤት ሲገባ አጠገቡ ያለው ያዘዘውን ያዛል። ለዓመታት ከገዛ ልጆቹ የሰወረውን ጉዳይ ለማያውቀው ሰው ሊገልጥ የመጣ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ሥራ ትምህርቱ ሳይሆን ሰውየው እንዳይሸማቀቅ ማድረግ ነው። ለሕፃናት የተዘጋጀ መጽሐፍ ፊቱ ላይ መዘርጋት በዚህ ሰዓት ሊፈጸም የሚችል ከባድ ስሕተት ነው።

ስለዚህም አስተማሪዎች ከሚሠለጥኑባቸው ዘዴዎች እጅግ ብልሃት ያለው ተማሪው ከራሱ ንግግር እንዲያነብ የሚያደርገው ነው። ለምሳሌ በዳቦ ቤት የሚሠራ ተማሪ «ሥራ የምገባው ሌሊት ነው፤ ምድጃውን የማነደው እኔ ነኝ» ቢል፣ አስተማሪው ሰዋስው ሳያርም፣ ቃል ሳይለውጥ፣ እንደተባለው በጉልህ ይጽፈዋል። ከዚያም በጣቱ ከቃል ወደ ቃል እየጠቆመ ያነብለታል፤ ቀጥሎ አብረው ያነባሉ፤ በመጨረሻ ተማሪው ብቻውን ያነባል። «ሌሊት» እና «ምድጃ» የሚሉት ቃላት በትናንሽ ካርዶች ተጽፈው ይደባለቃሉ፣ እንደገና ይነበባሉ፣ ወደ ቤት ይወሰዳሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ይመለሳሉ። ዐረፍተ ነገሩ የራሱ ስለሆነ ትርጉሙን ለማግኘት አይቸገርም፤ ድካሙ ሁሉ የሚያውቀውን ድምፅ ከጽሑፉ ጋር ማገናኘት ላይ ይውላል። በላውባክ መጻሕፍት ደግሞ ፊደሉ ከሥዕል ጋር ይቆራኛል፤ «ቢ» የተባለው ፊደል ረጅም ጅራት ባለው ወፍ (በእንግሊዝኛ «በርድ») ቅርጽ ላይ ስለሚሳል፣ ወፉን ያየ ፊደሉን ያስታውሳል።

እንግሊዝኛ ግን ለጀማሪ አስቸጋሪ ጽሕፈት አለው፤ በአማርኛ ያደገ አንባቢም ይህን በንጽጽር ይበልጥ ይረዳዋል። 33ቱን ፊደላት ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ዝርዝር ለይቶ 231ዱን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ ያልሰማውን ቃል ከሞላ ጎደል ሁሉ ሊያነብ ይችላል፤ የሚቀረው «ገና» የሚለው በዓሉን ይሁን «እስካሁን» የሚለውን ለመለየት የሚያስፈልገው፣ በጽሑፍ የማይታየው መጥበቅና መላላት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ናይት» በሚለው ቃል መካከል «ጂ» እና «ኤች» ተጽፈው ድምፅ የላቸውም። አስተማሪው ይህን ውጥንቅጥ በቡድን በቡድን ይከፍለዋል፤ «ካት፣ ሃት፣ ራት» (ድመት፣ ባርኔጣ፣ አይጥ) እያለ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ በመለወጥ አንድ ቃል ያወቀ ሦስት እንዲያውቅ ያደርገዋል። እንዲህም ሆኖ መንገዱ ዘገምተኛ ነው፤ ተማሪው የሥራ ፈረቃው ይለወጥበታል፣ ልጅ ይታመምበታል፣ ሳምንት ይዘላል፤ ተመልሶ ሲመጣም አስተማሪው ካርዶቹን ይዞ፣ በቀጠሮው ቦታ ተቀምጦ መገኘት ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ የዚህን ሥራ ሌላ ገጽ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመንግሥት የተመራ፣ ተማሪና መምህሩን በሺዎች ወደ ገጠር ያዘመተ፣ ከጊዜ በኋላም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዘመቻ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ አንድ ለአንድ ማስተማር ደግሞ ከዘመቻው ጠርዝ የቀረውን፣ ቋንቋው የተለየበትንና ዕድሜው የገፋውን ይደርሳል። ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አሜሪካ የሄዱ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ዛሬ ከዚህ ሁለተኛው ወገን ናቸው። ኮልቪን በነሐሴ 2024 በ107 ዓመታቸው ዐርፈዋል፤ የጀመሩት አሠራር ግን በብዙ ከተሞች ቀጥሏል፤ እናቱን ማስመዝገብ የሚሻም፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሌላ ሰው እናት ሊሰጥ የሚሻም፣ በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ጠይቆ መጀመር ይችላል።