የቀለበቱ ጌታ ማን ነው? ፊልም፣ ሌጎ እና የወገኖቻችን ቁጠባ

ባለፈው የፈረንጆች ገና ሰሞን አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወዳጃችን «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ምድር ቤት ይዞን ወረደ። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ጣራ የተደረደሩ ካርቶኖች አየን። ሁሉም የሌጎ መጫወቻዎች ናቸው፤ የሃሪ ፖተር ግንብ፣ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከተማ፣ ሌላም ሌላም። አንዱም አልተከፈተም። የደረሰውን እቁብ አብዛኛውን እዚህ ላይ እንዳዋለው ነገረን። የሰባት ዓመት ልጁ ከኋላችን ተከትሎ ወርዶ ኖሮ አንዱን ካርቶን በጣቱ እየነካ «አባዬ፣ ይቺን መቼ ነው የምንከፍታት?» አለ። አባትየው «እንዳትነካ! ዋጋዋ ይቀንሳል» ሲል መለሰለት።

ውድ አንባቢያን፣ መጀመሪያ ላይ ስቀን ነበር። በኋላ ግን እዚህም እዚያም ስንጠይቅ በዚህ ነገር ገንዘቡን ያሰረው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው ያጠራቀመው ገንዘብ ስለሆነ ጉዳዩን ጠጋ ብለን ልናየው ወደድን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጡብና ፊልም እንዴት ተገናኙ?

ሌጎ በ1932 ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በተባለ አናጢ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ስሙ «በደንብ ተጫወት» ማለት ከሆነ የዴንማርክ አባባል የተወሰደ ነው። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ የቀረበው በ1958 ነበር። ኩባንያው ከፊልም ጋር ተዋውሎ መሥራት የጀመረው በ1999 በ«ስታር ዋርስ» ሲሆን በ2001 ደግሞ ሃሪ ፖተር ተከተለ።

ፊልም የሚያመጣው ገበያ ፊልሙ ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ ኩባንያው ራሱ ብዙም ሳይቆይ ተምሮታል። በ2003 ከእነዚህ ከሁለቱ አዲስ ፊልም ለሲኒማ ሳይወጣ ቀረ፤ የሌጎም ሽያጭ አሽቆለቆለ፤ ኩባንያው ከባድ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ከመፍረስ የዳነው ለጥቂት ነው።

የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በቶልኪን መጻሕፍት ላይ ተመሥርተው ፒተር ጃክሰን የሠሯቸው ሦስት ፊልሞች በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ወጡ፤ የመጨረሻው 11 ኦስካር ወሰደ። ያኔ ግን ከፊልሙ የተሠራ የሌጎ መጫወቻ አልነበረም። ሌጎ ብቅ ያለው በ2012፣ «ዘ ሆቢት» ለሲኒማ ሲበቃ ነው። በ2013 የኦርታንክ ግንብ የተባለው ሣጥን 2,359 ቁራጮች ይዞ በ200 ዶላር ተሸጠ። የመጨረሻው የሆቢት ፊልም በ2014 ወጣና እነዚህ ሣጥኖች ቀስ በቀስ ከመደብር ጠፉ። ከዚያ በኋላ የታሸገውን የኦርታንክ ግንብ የፈለገ ሰው ከመነሻው ከእጥፍ በላይ መክፈል ነበረበት።

ለምን? በ2001 አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ደመወዝ የሚበላ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። በልጅነቱ ያላገኘውን ዛሬ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ኩባንያውም ይህን ያውቃል። በ2023 ሪቨንዴልን በ6,167 ቁራጮችና በ500 ዶላር፣ በ2024 ደግሞ ባራድ ዱርን በ5,471 ቁራጮችና በ460 ዶላር አወጣ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። መጫወቻው ከልጆች እጅ ወጥቶ ወደ አባቶች ተሻግሯል ማለት ነው።

ትርፍ አለው ወይስ የለውም?

አለው። ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 የወጡ 2,322 የሌጎ ሣጥኖችን ዋጋ መርምረው ያሳተሙት ጥናት፣ ምርታቸው የቆመ ያልተከፈቱ ሣጥኖች በአማካይ በዓመት ቢያንስ 11 በመቶ እንዳስገኙ ያሳያል። ዋጋው የሚነሣው ደግሞ ምርቱ ከቆመ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ይህንን አኃዝ ብዙዎች እየጠቀሱ ይሰብካሉ። እዚያው ጥናት ውስጥ ያለውን ሌላውን ቁጥር ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ከሣጥን ሣጥን ልዩነቱ በዓመት ግማሽ ዋጋውን ከሚያጣው ጀምሮ 600 በመቶ እስከሚጨምረው ይደርሳል። አማካዩን የሚያገኘው ብዙ ዓይነት የገዛ ነው። ሦስት አራት ካርቶን የገዛ ሰው የሚያገኘው ዕድሉን ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የ200 ዶላር ሣጥን ሲገዛ 6 በመቶ ታክስ ተጨምሮ 212 ዶላር ይከፍላል። ስድስት ዓመት አስቀምጦ በ400 ዶላር ሸጠ እንበል። «እጥፍ አተረፍኩ» ይላል። የሸጠበት ድረ ገጽ ወደ 13 በመቶ ኮሚሽን ቢወስድ 52 ዶላር ሄደ። ትልቁን ካርቶን ጠቅልሎ ለመላክ 25 ዶላር ቢያወጣ እጁ ላይ የሚቀረው 323 ዶላር ነው። ትርፉ 111 ዶላር፣ በዓመት ሲታሰብ ከ7 በመቶ ብዙም አይበልጥም። መጥፎ አይደለም። ግን ይህ ዋጋው እጥፍ የሆነለት ሰው ሂሳብ ነው፤ ያውም የስድስት ዓመቱ የምድር ቤት ቦታ፣ እርጥበቱ፣ የተጨራመተው የካርቶን ጠርዝና የግብር ጣጣው ሳይቆጠር።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ዋናው ጉዳይ ግን ይህም አይደለም። ሣጥኑን ውድ የሚያደርገው አለመገኘቱ ነው። አለመገኘቱን የሚወስነው ማን ነው? ራሱ ኩባንያው ነው።

ታጅ ማሃልን እንውሰድ። ከፊልም የመጣ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሠራል። በ2008 በ300 ዶላር ወጣ፤ ምርቱ ቆመ፤ የታሸገው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ማውጣት ጀመረ። ሰዎች ባለ በሌለ ገንዘባቸው ገዝተው አስቀመጡ። በኅዳር 2017 ኩባንያው ያንኑ ታጅ ማሃል ከሞላ ጎደል እንደነበረ እንደገና አትሞ በ370 ዶላር ለገበያ አቀረበው። ሺዎች ያወጡት ሰዎች ሣጥን ዋጋ በአንድ ማስታወቂያ ተናደ። ከሃሪ ፖተርም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2011 በ150 ዶላር የወጣው የዳያጎን አሌይ ገበያ በ2020 በ5,544 ቁራጮች ሰፍቶና አምሮ በ400 ዶላር ተመለሰ። አዲሱን ያየ ገዢ ለአሮጌው ምን ያህል ይጨምራል? አሁን ደግሞ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እንደገና እንደሚሠሩ በ2023 ተነግሯል። አዲስ ፊልም አዲስ ፈላጊ ያመጣል፤ አዲስ ሣጥንም ያመጣል። የትኛው እንደሚያመዝን አስቀድሞ የሚያውቀው ውሉን የፈረመው ብቻ ነው።

ገንዘብ ባለበት ሌባና አስመሳይም አይጠፋም። ሌፒን የተባለውን የቻይና ሐሰተኛ ሌጎ ሲያመርቱ የነበሩ ሰዎች በ2019 ተይዘው በ2020 ተፈርዶባቸዋል። በ2024 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከ2,800 በላይ የተሰረቁ የሌጎ ካርቶኖች ማግኘቱን አስታውቋል። በርካሽ የቀረበልን ካርቶን ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ብንገዛ ከትርፉ በፊት ጣጣው ሊቀድመን ይችላል።

የእኛ ነገር

እኛ ስደተኞች ሀብት በአንድ ሌሊት ሲመጣ የሚያሳይ ወሬ ቶሎ ይማርከናል። አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ እዚህ የቤት ኪራይ አለ፤ ሥራው አድካሚ ነው። ስለዚህ «እገሌ በካርቶን አተረፈ» ሲባል ሰምተን እንሮጣለን። አባቶቻችን «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት ለዚህ ነው። ለዓመታት ገበያውን የሚከታተል፣ የትኛው ሣጥን መቼ እንደሚቆም በየቀኑ የሚያጠና ፈረንጅ ያተርፍ ይሆናል። በሁለት ሥራ መካከል እንቅልፍ የሚሰርቅ ወገናችን ግን ይህን የሚያጠናበት ጊዜ የለውም።

ምክራችን አጭር ነው። በእቁብና በብድር ገንዘብ አትግቡበት። ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁን ያህል ብቻ አውሉበት። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ከሁሉ በፊት ግን ለልጃችሁ አንድ ሣጥን ክፈቱለት። ያቺ ሣጥን ዋጋዋ እንደሚቀንስ አይካድም። ይሁን እንጂ እዚህ ተወልዶ የእኛን ቋንቋ በስንት ልምምጥ ከሚናገር ልጅ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ግንብ እየሠሩ «ይቺን አቀብለኝ፣ ያቺን ግጠም» መባባል ለአማርኛውም ለአባትነቱም ይበጃል።

ወዳጃችንን ከሁለት ወር በኋላ አግኝተነው ካርቶኖቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅነው። ጥቂቶቹን መሸጡን፣ አንዷን ግን ልጁ ታሞ ትምህርት ቤት በቀረበት ቀን እንደከፈቷት ነገረን። «ገና አልጨረስናትም» አለን።

ቸር ይግጠመን።