የከርሰ ምድር ውኃ ዕድሜ በብርሃን ሲቆጠር

የመንዝና የግሼ ደጋማ ቦታዎች የሁለት ተፋሰሶች መለያያ ናቸው። በምሥራቁ ገደል በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የሚወርደው ደግሞ የመርሐቤቴን ምድር በሚያዋስነው በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ያመራል። የተወሰነው ግን በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውኃ ይሆናል። በአካባቢው ምንጭ ለማጎልበት ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ከውኃው መጠን በተጨማሪ ዕድሜውንም ማወቅ ይኖርበታል፤ በየክረምቱ የሚተካ ውኃና ለረጅም ዘመን የተጠራቀመ ውኃ በአንድ ዓይነት ዕቅድ ሊሳቡ አይገባምና።

ዕድሜውን ለመለየት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ትሪቲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ የሃይድሮጂን ዓይነት መለካት ነው። ትሪቲየም በላይኛው ከባቢ አየር በተፈጥሮ የሚፈጠር ሲሆን፣ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በዝናብ ውስጥ ያለውን መጠን በብዙ እጥፍ አሳድገውት እ.ኤ.አ. በ1963 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በ12 ነጥብ 3 ዓመት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ትሪቲየም በግልጽ የሚታይበት ውኃ ቢያንስ በከፊል ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ዝናብ የመጣ ነው። ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን የዝናብ መረጃ በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር በዘረጋው የናሙና መረብ አዲስ አበባ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ታቅፋለች።

አስቸጋሪው ልኬታው ነው። ከትሪቲየም የሚወጣው ቤታ ቅንጣት በውኃ ውስጥ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይጓዝም፤ የጠርሙሱንም ግድግዳ አያልፍም። መሣሪያን ከውጭ ማስጠጋት ፋይዳ ስለሌለው፣ ውኃው ራሱ ብርሃን በሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ይቀላቀላል።

የፈሳሹ ዋና ክፍል እንደ ቶሉይን ያለ አሮማቲክ ውሁድ ነው። ስሙ ከሽታ የመጣ ቢሆንም ቁም ነገሩ ያለው ስድስት የካርቦን አቶሞች በሠሩት ቀለበት ላይ ነው። በቀለበቱ ዙሪያ በጋራ የተያዙት ኤሌክትሮኖች ቅንጣቱ ሲያልፍ ኃይል ይቀበላሉ፤ ሞለኪዩሉ ግን አይፈርስም። በውኃ ወይም በአልኮል ውስጥ ቢሆን ኃይሉ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ወይም ሞለኪዩሉን ሰብሮ ይቀር ነበር። አሮማቲኩ ሞለኪዩል የተቀበለውን ኃይል ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ ያቀብላል፤ በመጨረሻም በሊትር ጥቂት ግራም ብቻ የሚጨመረው ብርሃን ሰጪ ንጥረ ነገር ይረከበውና በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን አድርጎ ይለቀዋል። የዚህ ዓይነቱን ብርሃን ሃርትሙት ካልማን በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳየው በናፍታሊን ነበር፤ በየቁም ሳጥኑ ለብል መከላከያ በሚቀመጠው ማለት ነው።

ውኃና ቶሉይን እንደ ዘይትና ውኃ ስለማይዋሐዱ ሳሙና መሰል ማዋሐጃ ይታከላል። ጠርሙሱ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ሁለት ብርሃን አነፍናፊዎች ይጠብቁታል፤ የሚቆጠረውም ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ያዩት ብልጭታ ብቻ ነው።

ቆጠራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ የትሪቲየም አሐድ ባለው አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በደቂቃ የሚከሰተው ፍንዳታ ሰባት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ናሙናው አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጎለብት ይደረጋል። ቀለም ወይም ባዕድ ነገር ካለበትም ብርሃኑን አፍኖ ውኃውን ከዕድሜው በላይ አሮጌ ሊያስመስለው ስለሚችል መጣራቱ ግዴታ ነው።

የቦምብ ሙከራዎቹ ትሪቲየም ዛሬ አብዛኛው ስለጠፋ የውጤቱ አተረጓጎም ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ከተለያየ ጥልቀት ውኃ የሚቀበል ጉድጓድ አዲሱንና አሮጌውን ቀላቅሎ ስለሚሰጥም፣ ናሙና በበጋና በክረምት ለየብቻ ቢወሰድ ይመረጣል።