የአባቶች ቤትና የነዳያን ድርሻ

ጥንታዊ ሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል ብዙውን ጊዜ የምንወቅሰው ትርፍ ፈላጊውን ነጋዴ ነው። ነገር ግን አፍራሹ የጸሎት ቤት፥ ምክንያቱም ምጽዋት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ፍርዱ ይከብዳል።

በኒው ዮርክ ከተማ ፓርክ አቬኑ በሚባለው ጎዳና የቅዱስ በርተሎሜዎስ ኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በርትራም ጉድሂው በነደፈው ፕላን በ1918 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስትሠራ፥ በቅርፃ ቅርፅ ያጌጠው የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ወደ ዐዲሲቱ ተዛውሮ ተተከለ። በ1928 ደግሞ ለምእመናን ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሆን ቤት በጎንዋ ተሠራ። ከተማው በ1967 ሁለቱንም ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሕንፃዎች መዝገብ አገባቸው።

ከ1981 ጀምሮ ግን አስተዳዳሪዎቹ የማኅበሩን ቤት አፍርሰው በስፍራው የቢሮ ሕንፃ ለማቆም፥ ገቢውንም ለነዳያን መርጃና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ማደሻ ለማዋል አሰቡ። ምእመናኑም በዚህ ነገር ተከፋፈሉ። የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ኮሚሲዮን የባለ 59 ፎቁን ፕላን በ1984፥ የባለ 47 ፎቁን በ1985 አልፈቅድም አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱም «የሃይማኖት ነጻነታችን ተነካ» ስትል ከሰሰች። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1990 ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን ገልጦ፥ አሁን ባለው ሕንፃ አገልግሎቷን መቀጠል እንደማትችል አላስረዳችም ሲል ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1991 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም።

ይሁን እንጂ አቤቱታዋ ከንቱ አልነበረም። በሕንፃው ውበት የሚደሰተው ከተማው ሁሉ ሲሆን፥ ጣሪያውን የሚያሳድሱት ምእመናኑ ብቻ ናቸውና። በ1917 ሳይሆን ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2017፥ ከተማው በዚያ ሰፈር ያሉ የተመዘገቡ ሕንፃዎች ያልሠሩበትን የፎቅ መብት ራቅ ላሉ ሠሪዎች እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ከመብቷ ከፍላ በአቅራቢያዋ ለሚሠራ የባንክ ሕንፃ ሸጠች። እነሆ፥ ቤቱም አልፈረሰ፥ ገንዘቡም ተገኘ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በየደብሩ «አሮጌው ጠበበን፥ አፍርሰን ሰፊ እንሥራ» የሚል ቃል ሲነሣ እንሰማለን። በአክሱም ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ሰፊው የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የቈየችው አልፈረሰችም፤ ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ስለዚህ በሰበካ ጉባኤ ስንቀመጥ አስቀድመን እንጠይቅ፦ መጠገን አይቻልምን? ሌላ ቦታስ የለምን? ባለሙያ አይቶታልን? ምጽዋት ከገዛ ኪሳችን ሲሰጥ መልካም ነው፤ አባቶች ያወረሱን ቤት ግን ገና ያልተወለዱ ልጆቻችንም ድርሻ አለበትና፥ ብቻችንን ልንሰጠው አይገባንም።