ጥያቄ የማይገድል ቀልድ



ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፍሬሽማን ሎጂክ የተማረ ሁሉ አንድ ልጅ አይረሳም። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሁሉም ደብተሩን ሲያጥፍ ከኋላ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ግን እኔ መኖሬን በምን አውቃለሁ?» ይላል። ክፍሉ «ኤጭ!» ይላል። አንዱ ደግሞ «ፈላስፋው ጀመረው!» ይላል። መምህሩ በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው መልስ ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን ማውጣቱን ወይም አለማውጣቱን ይወስናል።

ሎጂክ የማስተምር ሰው ነኝና ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። መምህር በቀልድ ቢመልስ ደስ ይለኛል፤ ክፍል ውስጥ ሳቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንዱ ቀልድ ጥያቄውን አብስሎ ለጠያቂው ይመልሳል፣ ሌላው ጠያቂውን አሳፍሮ ያስቀምጣል። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ።

1. «እኔ መኖሬን በምን አውቃለሁ?»

በኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩትን ፕሮፌሰር ሞሪስ ኮኸንን (1880–1947) አንድ ተማሪ ይህንኑ ጠየቃቸው ይባላል። እሳቸውም «ጠያቂው ማን ነው ልበል?» አሉት።

መልሷ አጭር ብትሆንም የፈላስፋውን የዴካርትን ሙግት ይዛለች። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ ሊጠረጠር የሚችለውን ሁሉ ጠረጠረ፦ ዐይኑ የሚያየውን፣ እጁ የሚዳስሰውን፣ የሒሳብን እውነት ሳይቀር። በመጨረሻ አንድ ነገር አልጠረጠር አለው፤ የሚጠራጠረው እሱ ራሱ። አንድ ኃያል አታላይ ቢኖር እንኳ፣ የሚታለል ሰው መኖር አለበት። ከእሱ 1,200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የሂፖው አውግስጢኖስም፣ የሚሳሳት ሰው ሳይኖር ስሕተት እንደማይኖር ጽፏል።

ኮኸን ይህን ሁሉ አልዘረዘሩም። ልጁ ማስረጃውን በገዛ አፉ እንደሰጠ ብቻ አሳዩት። እንዲህ የተመለሰለት ተማሪ ስቆ ይቀመጣል፣ ማታ ዶርም ገብቶ ሲተኛ ግን «እሺ፣ ጠያቂው እኔ ነኝ። እኔ ማለትስ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን ወለደ ማለት ነው።

2. «እግዚአብሔር ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

ይህን ጠይቆ «ተው! እንዲህ አይባልም!» ያልተባለ ልጅ በእኛ ሀገር ብዙ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ግን የቆየ ነው። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 11ኛ ክፍል ያነሣዋል፤ በዘመኑ ይሰጥ የነበረውንም የቀልድ መልስ ይነግረናል። መልሱ «እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ለሚመረምሩ ሰዎች ገሃነምን ያዘጋጅ ነበር» የሚል ነው። ዛሬም ቢነገር ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰዋል።

አውግስጢኖስ ግን እንዲህ ብሎ መመለስን እምቢ አለ። ይህ ቀልድ ጥልቅ ነገር የጠየቀውን ሰው መሣቂያ ያደርገዋልና፣ ከዚህ ይልቅ አላውቅም ማለትን መረጠ። ከዚያ ጥያቄውን በቁም ነገር ያዘው። «በፊት» ለማለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ራሱ ከፍጥረት አንዱ ከሆነ ደግሞ ከፍጥረት በፊት «በፊት» የሚባል ነገር የለም። ይህም «ታዲያ ጊዜ ራሱ ምንድን ነው?» ወደሚል ምርመራ ወሰደው። ያ ምርመራ 1,600 ዓመት ገደማ አልፎት ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። በገሃነሙ ቀልድ አልፎት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀርብን ነበር።

3. «ምንም ነገር ባይኖር ይቀል ነበር፤ ታዲያ ስለምን ነገር ኖረ?»

ፈላስፋው ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1714 በጽሑፍ ያነሣው ጥያቄ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሲድኒ ሞርገንቤሰር (1921–2004) ይህ ሲነሣባቸው «ምንም ነገር ባይኖር እንኳ አንተ ማማረርህ አይቀርም ነበር!» ብለው መለሱ ይባላል።

እስቲ ቀልዷን ፍቷት። ምንም ነገር ባይኖር የሚያማርርም ሰው አይኖርም፤ ጠያቂው ራሱ ከ«ነገሩ» አንዱ ነው። ደግሞም ምንም አለመኖሩ ማብራሪያ የማይፈልግ፣ መኖሩ ብቻ ማብራሪያ የሚፈልግ ነው ያለን ማን ነው? ዛሬም ፈላስፎች የሚከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነው።

ሞርገንቤሰር ብዙ መጽሐፍ አልጻፉም፤ ስማቸው የቆየው በተማሪዎቻቸው አፍ ነው። አንዱ ተማሪ «አልገባኝም» ቢላቸው «አንተ ከእኔ የምትሻልበት ምን ምክንያት አለ?» አሉት ይባላል። በዚህች መልስ መምህሩ ከወንበራቸው ወርደው ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ፤ አለመግባት የጋራ ሥራ ሆነ።

4. «ጊዜ የሚባል ነገር በእውነት አለ?»

ይሄኛውን ባልደረባዬ ሲያስተምር ተቀምጬ ያየሁት ነው። ልጁ አሳይመንቱን አልሠራም። «ቲቸር፣ ጊዜ የአእምሮ ፈጠራ ከሆነ ዘገየህ ልባል እችላለሁ?» አለ። ባልደረባዬም «በጣም ጥሩ! እንግዲያው የማስገቢያው ቀን አላለፈም፣ አሁኑኑ አምጣ» አለው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ባልደረባዬ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን «ጊዜ ካለ»፣ በሌላው «ጊዜ ከሌለ» ብሎ ጻፈና ጠመኔውን ለልጁ ሰጠው። ልጁ ከ«ጊዜ ከሌለ» ሥር «ቁርስ ከምሳ አይቀድምም» ብሎ ጻፈ፣ ዞሮም ጽሑፉን ዝም ብሎ ተመለከተው።

የእንግሊዙ ፈላስፋ ማክታጋርት እ.ኤ.አ. በ1908 ጊዜ እውን አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ሌላው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር ደግሞ «ጊዜ የለም» የሚልን ሰው ወደ ቁርስና ምሳ መልሶ ይሞግት ነበር። ልጁ ሁለቱንም ሳያነብ ክርክራቸው መሐል ገብቶ ነበር።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለየኔታ ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል፤ መጠየቅና መመለስ የዕውቀት መለኪያ ነው። በትርጓሜ ቤት ደግሞ አንድምታው ራሱ እየጠየቀ ነው የሚሄደው፦ «ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ» ይልና ይመልሳል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ መልስ ይጨምራል። ጥያቄ ማንሣት ለእኛ ትምህርት ባዕድ ሆኖ አያውቅም።

መምህራን ሆይ፣ ድካማችሁን አውቀዋለሁ። ክፍሉ ሞልቷል፣ ኮርሱ አላለቀም፣ ፈተናው ደርሷል። ሁሉን ጥያቄ በሰፊው መመለስ አይቻልም። ቀልድ ከመጣላችሁ ግን ከመናገራችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ክፍሉ የሚስቀው በምኑ ነው? ልጁስ ነገ ደግሞ መጠየቅ ይችላል? በልጁ የሚሳቅ ከሆነ ዋጡት። ጊዜ ካጣችሁ ጥያቄውን በሰሌዳው ጥግ ጻፉትና ክፍል ከማለቁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። መልሱን ካላወቃችሁት አውግስጢኖስ እንዳደረገው አላውቅም በሉ፤ ይህን የሚል መምህር በተማሪ ዘንድ ይከበራል።

ተማሪዎችም፣ መምህራችሁ ሲቀልድ ሳቁ፣ ከዚያ ግን ቀልዱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። «ይህ መልስ እውነት እንዲሆን ምን መሆን አለበት?» ብላችሁ ፍቱት። ከኮኸን አንዲት ዐረፍተ ነገር ዴካርት እንደወጣ፣ ከእናንተም መምህር ቀልድ አንድ ትልቅ ሐሳብ ሊወጣ ይችላል።

ክፍል ውስጥ ጠይቃችሁ በሳቅ የታለፈ ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የምችለውን ያህል በቁም ነገር እየያዝኩ አብረን እናየዋለን።