ከግብ አስቆጣሪነት ወደ አሠልጣኝነት፦ የመንግሥቱ ወርቁ ሁለት ሥራዎች



ወደዚህ ስመጣ በጊደር መጋላ በኩል አለፍሁ። እንደምታውቁት ስሙ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ገበያተኛ የሚያየው ለሽያጭ የቀረበውን ነው፤ ዕቃው እዚያ እስኪደርስ የደከመበትን እጅ አያይም። እግር ኳስንም የምንመለከተው እንዲሁ ይመስለኛል። ግብ ያስቆጠረውን እናስታውሳለን፤ አሠልጣኙን የምናነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመውቀስ ነው። ይህ ልማድ ምን እንዳሳጣን ለማስረዳት የአንድ ሰው ሕይወት መርጫለሁ፤ የመንግሥቱ ወርቁን።

በመጀመሪያ ተጫዋቹን እንይ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተካሄደ። ኢትዮጵያ በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛውን የአቻነት ግብ ያስቆጠሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድማቸው ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አራተኛውን አከሉ፤ ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ በዚያ ውድድር 3 ግብ አስቆጥረው ከግብፁ ባዳዊ ጋር የከፍተኛ ግብ አግቢነቱን ደረጃ ተጋሩ። በአፍሪካ ዋንጫ የተጫዋችነት ዘመናቸው በጠቅላላው ያስቆጠሯቸው ግቦች 10 ናቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለምሥራቆቹ ባዕድ አይደለም። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበሉት የአሥመራው ተወላጅ ሉቺያኖ፣ ከዚህ ቁልቁል በምትገኘው በድሬዳዋ፣ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ለኮተን ይጫወቱ ነበር። እርሳቸውም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል። በ1954 ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ራሳቸው ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ዋንጫ ዙሪያ ከመጫወት ወደ ማሠልጠን የተሻገሩ ሦስት ሰዎች እናገኛለን። ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ በዚያን ጊዜ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠልጣኙ መንግሥቱ እንለፍ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው ሄዱ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን በወሰደችው በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በሁለተኛው በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በሦስተኛው ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግብ ያስቆጠሩት ሰው የመሩት ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው «ታላቅ ተጫዋች፣ ደካማ አሠልጣኝ» ብሎ ይደመድማል።

እኔ ግን መዝገቡን ደግመን እንድናነበው እጠይቃለሁ። ያ የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ በማጀርና በቤሉሚ ግቦች ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ። በእርግጥ አልጄሪያ ከእኛ ጋር ስትጫወት የቀደሙትን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፋ ስለነበር ያለ ጭንቀት ነው የገባችው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ የተሸነፈን ቡድን አረጋግቶ እንዲህ ባለ ተጋጣሚ ፊት ዘጠና ደቂቃ ግብ ሳይቆጠርበት እንዲወጣ ማድረግ የአሠልጣኝ ሥራ ነው። ችግሩ ይህ ሥራ በመዝገቡ ላይ «ዜሮ» ሆኖ መጻፉ ነው።

ለምን ከባድ ሆነ? ማይክል ፖላኒ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ሊቅ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በቃል ሊያስረዳ እንደማይችል አስተምሯል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ዘርዝሮ መናገር ይቸግረዋል። አጥቂም መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚቆም እግሩ ያውቃል። አሠልጣኝ ሲሆን ግን እግሩ የሚያውቀውን አንደበቱ እንዲናገር ይገደዳል፤ የሚናገረውም እርሱ ያለው ተሰጥዖ ለሌለው ሰው ነው። በዚህ ላይ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን አላሳደጋቸውም፤ በፋብሪካ፣ በጦር ክፍልና በመሥሪያ ቤት ክለቦች ያደጉትን ለጥቂት ቀናት ይረከባል። ሥራው መምረጥና ማቀናጀት እንጂ ከሥር ጀምሮ ማስተማር አይደለም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ቡልጋሪያ ታሳየናለች። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ቡልጋሪያ ጀርመንን አሸንፋ 4ኛ ስትወጣ፣ ሕሪስቶ ስቶይችኮቭ 6 ግብ አስቆጥሮ ከሩሲያው ሳሌንኮ ጋር ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። አሠልጣኙ ዲሚታር ፔኔቭ በተጫዋችነት ዘመኑ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች የተሰለፈ ተከላካይ ነበር። ከ1996 እስከ 1999 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን የያዘው ስቶይችኮቭ ግን አገሩን ለ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ማብቃት አልቻለም። ከዚህ ተነሥተን ተከላካይ ከአጥቂ የተሻለ አሠልጣኝ ይወጣዋል ማለት አንችልም፤ ሁለት ሰዎች ሕግ አይሆኑም። የምንማረው መጫወትና ማሠልጠን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ነው። አንዱን በሌላው ሚዛን መመዘን ፍርድን ያዛባል።

የተዛባ ፍርድ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ከሊቢያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ግብ አስቆጠረ። አገራችን በ1968 ዓ.ም. ካስተናገደችው ውድድር ወዲህ በዚህ መድረክ ያስቆጠረችው የመጀመሪያ ግብ ነበር። ቀኑን ልብ በሉ፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ 51 ዓመት የሞላበት ዕለት ነው። መንግሥቱ ወርቁ ይህን ለማየት አልታደሉም፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፈዋል።

ለዚያ ሁሉ ዓመት መዘግየት ብዙ ምክንያት አለ፤ ጦርነቱ፣ የገንዘብ እጥረቱ፣ የክለቦች መዳከም። ሁሉንም በአሠልጣኝ ላይ ባለን አመለካከት ላይ አልጭንም። ሆኖም አንዱ ምክንያት በእጃችን ያለ ነው። ግቡን ተረክን፤ ልምምዱን አልጻፍንም። የሚጻፈው ዕውቀት ካልተጻፈ እያንዳንዱ አሠልጣኝ ከባዶ ይጀምራል፤ ሲሸነፍ ይሰናበታል፤ የተማረውንም ይዞት ይሄዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ እኔ በመምህርነት የኖርሁ ሰው ነኝና ይህ ጉዳይ ይነካኛል። የመምህር ሥራም የሚታየው በሌላው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሐረርና በድሬዳዋ ዕድሜ የጠገቡ የቀድሞ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አነጋግሯቸው። ስንት ግብ እንዳስቆጠሩ ብቻ አትጠይቁ፤ ማን እንዳስተማራቸው፣ እነርሱስ ለማን ምን እንዳስተማሩ ጠይቁና ጻፉ።