ጉዳትና ወቀሳ በእንግሊዝኛ፦ የትኛው ቃል የት ይገባል?

በአማርኛ ልጁም ተጎዳ፣ መኪናውም ተጎዳ፣ ስሙም ተጎዳ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ለያይቶ ይጠራቸዋል። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ሐኪም ቤትና ኢንሹራንስ ዘንድ ዋጋ አለው።

ከሰው እንጀምር። «ኸርት» የዘወትር ቃል ነው። እግርዎን ካመመዎት «ማይ ሌግ ኸርትስ» ይበሉ። ስሜትም «ኸርት» ይሆናል። ያለፈው ጊዜም ያው «ኸርት» ነው፤ «ኸርትድ» አይባልም።

«ኢንጀርድ» የሚባለው በአደጋ፣ በመውደቅ ወይም በስፖርት አካሉ የተጎዳ ሰው ነው። «ዉንድድ» ደግሞ በጥይት፣ በስለት ወይም በጦርነት የቆሰለ ነው። በመኪና ግጭት እጅዎ ተሰብሮ «ዉንድድ» ነኝ ካሉ፣ ሰሚው ማን ተኮሰብዎት ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ነርሷ ግን የቀዶ ሕክምናውንም ቁስል «ዉንድ» ብትለው አይግረምዎ፤ ስሙ ለማንኛውም የተከፈተ ቁስል ያገለግላል።

«ዳሜጅ» ለዕቃ ነው፦ ለመኪና፣ ለስልክ፣ ለቤት። ለጉበትና ለነርቭም ይባላል። ሰውን በሙሉ ግን «ዳሜጅድ» ማለት ስድብ ነው፤ አይሞክሩት። በፍርድ ቤት «ዳሜጅስ» ሲባል ትርጉሙ ካሳ፣ ማለትም ገንዘብ ነው።

«ሃርም» ሰፋ ያለ ነው። ሲጋራ ለጤና፣ ሐሜት ለስም «ሃርም» ያመጣሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን በጣም ይጠንቀቁ። ሐኪም ቤት «ራስዎን ስለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብለው በዚህ ቃል ወይም በ«ኸርት» ከጠየቁዎት፣ የሚጠይቁት ሽንኩርት ሲከትፉ ስለቆረጡት ጣት አይደለም። ሆን ብሎ በራስ ላይ ጉዳት ስለማድረስ፣ ስለ ሕይወት ማጥፋትም ጭምር ነው። ጥያቄው ለብዙ ታካሚ የሚቀርብ ስለሆነ አይሸማቀቁ፤ እውነቱን ይንገሯቸው።

ኢንሹራንስ ላይስ? ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ቨርጂኒያን እንውሰድ። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በሚወጡ ወይም በሚታደሱ የመኪና ውሎች ዝቅተኛው ሽፋን «50/100/25» ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «ቦዲሊ ኢንጀሪ»፣ ማለትም የአካል ጉዳት ናቸው። ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ለአንድ ተጎጂ እስከ 50,000 ዶላር፣ በአደጋው ለተጎዱት ሁሉ በድምሩ እስከ 100,000 ዶላር ይከፈላል። ሦስተኛው «ፕሮፐርቲ ዳሜጅ»፣ ማለትም የንብረት ጉዳት ነው፤ ለሰው መኪና ወይም አጥር እስከ 25,000 ዶላር።

የሰውየው መኪና 40,000 ዶላር ቢያወጣስ? ቀሪው 15,000 ከአካል ጉዳቱ ሽፋን አይወሰድም፤ ከኪስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ። የራስዎን መኪናም ይህ ሽፋን አያሠራልዎትም። ስለዚህ ውል ሲፈርሙ «ኢንጀሪ» እና «ዳሜጅ» የሚሉትን መስመሮች ለየብቻ ያንብቡ።

አሁን ወደ ወቀሳው። በጋዜጣ ርዕስ ላይ አንዱ ባለሥልጣን ሌላውን «ስላም» አደረገው የሚል ያያሉ። ከእኛ ሰላም ጋር አይምታታብዎ፤ በርን ገጭ አድርጎ መዝጋት ነው። «ብላስት» ደግሞ ፍንዳታ ነው። ማንም ግን ማንንም አልነካም፤ ክፉኛ ነቀፈው ማለት ብቻ ነው። አዘጋጆች የሚወዷቸው አጭር ስለሆኑና በጠባብ ርዕስ ውስጥ ስለሚገቡ ነው።

ረዘም ያሉትም የመጡት ከዱላ መንደር ነው። «ላምቤስት» መጀመሪያ መደብደብ ነበር። «ኤክስኮሪዬት» ከላቲን የመጣ ሲሆን ቆዳ መግፈፍ ነው። ዛሬ ሁለቱንም ማብጠልጠል ብንላቸው ይስማማል። «ስኬዚንግ» የሚለውም ሥሩ መጉዳት ነው፤ አሁን ግን የሚገልጸው የሚያንገበግብ ትችትን ነው። ዘመዱ «አንስኬዝድ» ከአደጋ ጭረት እንኳ ሳይነካው የወጣን ሰው ይገልጻል።

እነዚህን ያንብቧቸው እንጂ ለአለቃዎ በሚጽፉት አቤቱታ ውስጥ አያስገቧቸው። ጸብ ፈላጊ ያስመስላሉ። «ክሪቲሳይዝ» ነቀፋን፣ «ክሪቲክ» ጥንካሬንም ድክመትንም የሚመዝን ሂስን ይገልጻሉ፤ ለሥራ ቦታ ሁለተኛው ይመረጣል።

ትችት መቼ ያስከስሳል? ሐሰት የሆነ ነገርን እንደ እውነት አውርቶ የሰው ስም ሲያጠፋ ነው። በቃል ሲሆን «ስላንደር»፣ በጽሑፍ ሲሆን «ላይብል» ይባላል። «ምግቡ አልጣመኝም» አስተያየት ነው፤ «ባለቤቱ ሌባ ነው» ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። በእንግሊዝና በዌልስ የ2013 ሕግ፣ በስም ላይ የደረሰው ወይም ሊደርስ የሚችለው «ሃርም» ከባድ መሆኑ እንዲታይ ይጠይቃል። ክስ የመመሥረቻው ጊዜም በመደበኛው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እዚያ ስምዎ ከጠፋ ጠበቃ ለማማከር አይዘግዩ።